አሞርዛተር ከመግዛታችሁ በፊት ከመኪናው ሥር ግቡ

ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ዕቃ እስኪመጣልኝ እየጠበቅኩ ነበር። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ባለሱቁን «ወንድሜ፣ ለላንድክሩዘር ፒክአፕ የኋላ አሞርዛተር፣ በጣም ጠንካራውን ስጠኝ፤ ተሳቢ ሳስር ኋላው ይቀመጥብኛል» አለው። ባለሱቁ አላቅማማም፣ አውጥቶ ሰጠው። ዋጋውን ሰምቼ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ያንን ሁሉ ብር የከፈለው ችግሩን ለማይነካለት ዕቃ ነው፤ አሞርዛተር ጭነት አይሸከምማ።

ይህቺን መጀመሪያ እንያዛት። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራው፣ ማለትም ተደራርቦ የታሰረው የብረት ምላጭ ነው፤ ፊት ላይ ደግሞ ሞላው፣ ጥቅልሉ ብረት። አሞርዛተር ሥራው ባሌስትራው ተጨምቆ ተመልሶ ሲወረወር ያዝ ማድረግ ነው። ውስጡ ዘይት አለ፣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል፣ የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቃ። ኋላው የወደቀ መኪና ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ጠንካራ አሞርዛተር ብታስሩ መኪናው እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል። ልዩነቱ አሁን ወገባችሁንም ይመታችኋል።

የማወራው በደንብ ስለማውቀው መኪና ነው፤ 79 ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ። በፈረንጆች ከ1999 ወዲህ ያለው ፊቱ ሞላ፣ ኋላው ባሌስትራ ነው፤ አክሰሉም ፊትም ኋላም ድፍን ነው። ሃርድቶፕ ያላችሁ ከዚህ ብዙ አትርቁም። ሃይሉክስ የምትነዱ ስለ አሞርዛተሩ ያለውን አንብቡ፣ ስለ መሪው ያለውን ግን ዝለሉት። ቪጎ ከሚባለው ሞዴል ወዲህ ያለው ሃይሉክስ የመሪው አሠራር ሌላ ስለሆነ የመሪ አሞርዛተር አያስፈልገውም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ የተጫነበት ተሳቢ እንውሰድ። ውኃው ብቻውን 1,000 ኪሎ ነው። ብረቱና ጎማው 400 ቢሆን ጠቅላላው 1,400 ኪሎ ይመጣል። ከዚህ ወደ 10 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ ማለትም 140 ኪሎ። ይህ 140 ኪሎ ግን የሚያርፈው አክሰሉ ላይ ሳይሆን ከአክሰሉ 1.2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወጥቶ ነው። የ79 የፊትና የኋላ አክሰል ርቀት 3.18 ሜትር ነው። ስታካፍሉት የኋላው አክሰል የሚሸከመው 140 ሳይሆን ወደ 193 ኪሎ ይሆናል። ትርፉ 53 ኪሎ ከየት መጣ? ከፊት ጎማዎች ላይ ተነሥቶ ነው። አንዱ ጫፍ ሲጫን ሌላው ይነሣል። ተሳቢ ስታስሩ «መሪው ቀለለብኝ» የምትሉት ለዚህ ነው፤ በዚህ ላይ ደግሞ ካሶኒው (የኋላው የጭነት ሳጥን) ውስጥ ጄሪካን፣ ትርፍ ጎማ፣ የሰው ሻንጣ፣ ከመንገድ የተገዛ ከሰል ይጫናል።

ስለዚህ ከሱቅ በፊት ሚዛን። እንደምትጓዙበት ጭናችሁ፣ ተሳቢውንም አስራችሁ፣ የኋላውን አክሰል ብቻ አስመዝኑ። ሚዛን ካላገኛችሁ በሜትር ይሠራል፦ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ ባዶውን ለኩ፣ ከዚያ ጭናችሁና አስራችሁ ለኩ። ፊቱንም መለካት አትርሱ፣ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ አክሰሉ በላይ ያለችውን ማስቆሚያ፣ አክሰሉ ወደ ላይ ሲመጣ የምትገታውን ትንሽ ላስቲክ፣ እዩ። የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ ተጭኖ ቆሞ ሳለ በአክሰሉና በማስቆሚያዋ መካከል አራት ጣት የማይገባ ከሆነ ስለ አሞርዛተር ማውራት ገና ነው። መጀመሪያ ባሌስትራው ይታይ። የተሰነጠቀ ካለ፣ ቅስቱ ጠፍቶ ቀጥ ያለ ካለ፣ ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ላልተው ካሉ፣ በባሌስትራው ጫፍ ዓይን ውስጥ ያለው ጎሚኒ (ላስቲኩ) ተበልቶ ብረት በብረት እየሄደ ካለ።

ብዙ ጋራዥ «አንድ ባሌስትራ እንጨምርለት» ይላችኋል። ሁልጊዜ ጭነት ላይ ለሚውል መኪና ደህና ነው። ሰኞ ውኃ ጎትቶ ማክሰኞ ባዶውን ለሚመለስ ግን ባዶ ሲሆን እንደ ፍየል ይዘልባችኋል። በጭነት መጠን ተመድቦ የሚሸጥ ሙሉ ባሌስትራ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ ሁልጊዜ የማይወርደውን ጭነት ቆጥራችሁ ምረጡ እንጂ በዓመት አንዴ የሚጫነውን አይደለም። በሻንሲውና በአክሰሉ መካከል የሚገባውን የአየር ከረጢት ደግሞ እኔ ለዚህ ሥራ አልወደውም። ባሌስትራ ጭነቱን በሁለት ጫፉ ለሻንሲው ያካፍላል፤ ከረጢቱ ግን ሙሉውን አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። ከኋላ የሚንጠለጠል ተሳቢ ተጨምሮበት ኮሮኮንች ላይ ሲደበደብ ሻንሲው እዚያች ነጥብ ላይ ይጎብጣል። አውስትራሊያ ውስጥ በዚህ ሻንሲያቸው የታጠፈ ፒክአፖች ብዙ ናቸው።

ባሌስትራው ልክ ከሆነ አሁን ወደ አሞርዛተሩ እንምጣ።

ለተጓዥ መኪና የሚሸጠው በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ውስጥ አንድ ቱቦ፣ ውጭ ሌላ ቱቦ፣ በመካከላቸው ዘይትና ትንሽ ጋዝ። ሁለተኛው ባለ አንድ ቱቦ ሲሆን ዘይቱና ከፍተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን በአንድ ቱቦ ውስጥ በተንሸራታች ክዳን ተለያይተው ይቀመጣሉ። ቢልስታይን በፈረንጆች 1957 ለመርሴዲስ ማቅረብ የጀመረው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ባለ አንዱ ቱቦ ሙቀት ቶሎ ያወጣል፤ ዘይቱ የሚነካው ውጭ ያለውን ብረት ነው፣ ብረቱን ደግሞ ነፋስ ይነካዋል። ባለ ሁለቱ ቱቦ ሙቀቱን ውስጥ ይዞ ይቆያል፤ በዚያ ላይ ሲደበደብ ዘይቱና ጋዙ ተቀላቅለው አረፋ ይሠራሉ። አረፋ ደግሞ አይገታም።

«ታዲያ ባለ አንዱን አይደል የምንገዛው?» ትሉ ይሆናል። ቆይ። ባለ አንዱ ቱቦ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ውስጡ ያለው ፒስተን የሚሄደው የውጩን ቱቦ ግድግዳ እየታከከ ነው። ድንጋይ ተስፈንጥሮ ቱቦውን ጎድጎድ ካደረገው ፒስተኑ እዚያ ይያዛል፣ አለቀ። ባለ ሁለቱ ቱቦ የውጩ ቆርቆሮ ቢጎደጉድም የውስጡ ሥራውን ይቀጥላል። አፋር ውስጥ ያን ጥቁር ስለታም ድንጋይ የነዳችሁበት ታውቁታላችሁ።

በመካከል ያለ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ባለ ሁለት ቱቦ ሆኖ በጋዙ ቦታ ስፖንጅ የመሰለ ነገር የገባበት። ስፖንጁ ከዘይቱ ጋር ስለማይቀላቀል አረፋው አይፈጠርም። አይረንማንና ታፍ ዶግ የሚባሉት የአውስትራሊያ ድርጅቶች ይህንን ይሠራሉ። እኔ ተጭኖ ለሚሄድ፣ ፍጥነት ለማይወድ፣ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና የምመርጠው ይህንን ነው፤ ግን ሰውነቱ ወፍራም የሆነውን። ወፍራም ማለት ብዙ ዘይት ማለት ነው፣ ብዙ ዘይት ደግሞ ቶሎ አይግልም። ረጅም ጠጠር መንገድ በፍጥነት ለሚነዳ ባለ አንድ ቱቦው ይሻለዋል፤ የድንጋይ መከላከያ ያሠራለት እንጂ።

ከፋብሪካ እንደወጣው ዓይነት የካያባ አሞርዛተርስ? አዲስ አበባና አስፋልት ላይ ምንም አይወጣለትም። ዕቃው ይገኛል፣ ዋጋው ይቻላል። ከ1,400 ኪሎ ተሳቢ ጋር እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ ኮሮኮንች ላይ ሙሉ ቀን ማዋል ግን ከተሠራለት ሥራ ውጭ መጠየቅ ነው።

ስለዚያ የቆርቆሮ መንገድ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከሚሌ ወደ ውስጥ በሚገባ ኮሮኮንች ላይ ሁለት ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ኋላው መዋኘት ጀመረ። ጉብታ ሲያልፍ አንዴ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ ይነሣል ይወርዳል። ቆምኩ፣ ወርጄ ከሥር ገባሁና ሁለቱን የኋላ አሞርዛተሮች በእጄ ጀርባ ነካ ነካ አደረግኋቸው። የግራው ሊያቃጥለኝ ደረሰ። የቀኙ ለብ ብሏል። «ግራው ተበላሽቷል» ብዬ ደመደምኩ፣ የተሳሳትኩትም እዚያ ላይ ነው። የሞተው ለብ ያለው ነው! አሞርዛተር ሥራ ከሠራ ይግላል፤ ያልጋለው ያልሠራው ነው። ግራው የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን እየሠራ ነበር የነደደው። ከዚያ ወዲህ ይህ ምርመራዬ ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ጋራዥ አይፈልግም። ነካ ስታደርጉ ግን በጥንቃቄ፣ ቆዳ ያነሣል።

ቆላ ስትወርዱ ሙቀቱን ሁለት እጥፍ አስቡት። በፈረንጆች ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት የዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፤ አማካዩ፣ ሌሊቱም ጭምር ተቆጥሮ። አሞርዛተሩ ሙቀቱን የሚያወጣበት ቀዝቃዛ ነፋስ የለም ማለት ነው። እዚያ የሚያዋጣው ፍጥነት መቀነስና የጎማ ነፋስ ትንሽ ማውጣት ነው። ለስለስ ያለ ጎማ ከአሞርዛተሩ ላይ ብዙ ድብደባ ይወስዳል። የኋላውን ጎማ ግን ኳሱ ላይ ያለውን ክብደት ስለሚሸከም እንደ ፊቱ አታውርዱት፤ አስፋልት ስትገቡም መልሳችሁ ሙሉት።

ርዝመት ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። መኪናው ከፍ ተደርጎ ከሆነ፣ ብዙዎቹ 5 ሴንቲ ያህል ያስነሡታል፣ የድሮው ልክ አይሠራም። ሦስት ልኬት ያስፈልጋችኋል። መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው ማሰሪያ ስንት ነው? አክሰሉ ማስቆሚያዋን ሲነካስ? በክሪክ ሻንሲው ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሲቀርስ? አዲሱ አሞርዛተር ሙሉ ሲጨመቅ ከሁለተኛው ልክ ማጠር አለበት፣ አለበለዚያ ከጉድጓድ ጋር የሚጋጨው ማስቆሚያዋ መሆኗ ቀርቶ አሞርዛተሩ ይሆናል፤ ማሰሪያው ከሻንሲው ተገንጥሎ ብየዳ ፍለጋ ስትዞሩ ትውላላችሁ። ሙሉ ሲዘረጋ ደግሞ የፍሬን ቱቦው ከመወጠሩ በፊት መቆም አለበት። ቱቦውን በእጃችሁ ሳብ አድርጋችሁ እዩት፣ ካልላላ ረጅም ይቀየርለት።

ሻጩ ስለ ጥንካሬ ሲያወራ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ሲጨመቅ ነው ወይስ ሲመለስ? ባሌስትራችሁ ከጠነከረ በሚመለስበት ጊዜ በኃይል ይወረወራል፣ ስለዚህ በደንብ መጠንከር ያለበት የመመለሻው በኩል ነው። ሲጨመቅም በጣም ድርቅ የሚል ከሆነ እያንዳንዷ ጠጠር ወደ ካቢናው ትገባለች። ኮኒ ሄቪ ትራክ የሚባለው አሞርዛተር የመመለሻው ጥንካሬ ይስተካከላል፣ ለማስተካከል ግን ከመኪናው መፈታት አለበት። ራንቾ 9000 ደግሞ ዘጠኝ ደረጃ ያለው ማዞሪያ አለው፤ ተሳቢ ስታስሩ ማጥበቅ፣ ስትፈቱ ማላላት ትችላላችሁ። ለእንደኛ ዓይነቱ አንድ ቀን ጭኖ አንድ ቀን ባዶ ለሚሄድ ሰው የሚስተካከለው ገንዘቡን ያወጣል ባይ ነኝ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጭነት ለሚጎትት ግን ትርፍ ወጪ ነው።

አሁን መሪው። እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ልናገር።

የመሪ አሞርዛተር ማለት በቲራንቱ (የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማዎቹ በሚወስደው ዘንግ) እና በአንዱ ወገን ማሰሪያ መካከል ተጋድማ የምትቀመጠው ነች። ላንድክሩዘሩ ከፋብሪካ ይዟት ነው የሚመጣው። ሥራዋ ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው እጅ ላይ እንዳይፈናጠር ማለዘብ ነው። መሪ አታቃናም፣ ልል ነገር አታጠብቅም። ብዙ ሰው ግን መሪው መርገፍገፍ ሲጀምር ሮጦ ወፍራሟን ይገዛል፤ ለአንድ ወር ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ብሶበት ይመጣል። የእኔም እንደዚያ ሆኗል። ከአዋሽ በኋላ 80 ላይ አንዲት ጉድጓድ መታሁና መሪው እንደ እብድ ይርገፈገፍ ጀመር፣ ፍጥነት ወደ 30 እስኪወርድ አልተወም፤ ከኋላ ውኃ የተሞላ ተሳቢ አለ፣ ከፊት የጅቡቲ መኪና እየመጣ ነው። መካኒኩ አዲስ የመሪ አሞርዛተር አሰረልኝ። ሦስት ሳምንት። ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ሲገኝ የፊቱን አክሰል ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያዘው ዘንግ፣ ፓንሃርድ የሚሉት፣ ጎሚኒው አልቆ ኖሯል። ጎሚኒው የአዲሷን የመሪ አሞርዛተር ዋጋ ሩቡን እንኳ አያወጣም።

ፍተሻው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው አንዱ መሪውን ቶሎ ቶሎ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ያዙር፤ ሙሉ አይደለም፣ በሰዓት ፊት ላይ በተጻፉት 11ና 1 ቁጥሮች መካከል ብቻ። ሌላው ከጎን ሆኖ አጎንብሶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ጣቱን አስነክቶ ይይ። የፓንሃርዱ ጫፍ ከማሰሪያው ጋር ይንቀሳቀሳል? የቲራንቱ ጫፍ ኳስ ዘሎ ይመለሳል? መሪ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር አብሮ ይወዛወዛል? ቀጥሎ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሥታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሚላላ ከሆነ ወይ የጎማው ኩሽኔታ ነው ወይ መታጠፊያው ላይ ያሉት ላይና ታች ኩሽኔታዎች ናቸው። የጎማ ባላንስም አስደርጉ። መኪናው ከፍ የተደረገ ከሆነ ደግሞ ካስተሩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ካስተር ማለት የብስክሌት ሹካ እንደሚያዘነብለው ዓይነት ነው፤ ጎማው ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነው። ፊቱ በሞላ ሲነሣ አክሰሉ ወደ ፊት ይዞርና ያ ማዘንበል ይቀንሳል፤ የሚያስተካክል ልዩ ጎሚኒ ይሸጥለታል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጤነኛ ከሆነ፣ አዎ፣ ሰፋፊ ጎማ ላሰረና ተሳቢ ለሚጎትት ከፋብሪካው ወፈር ያለች የመሪ አሞርዛተር ትረዳለች። ስትመርጡ ሱቁ ውስጥ አንድ ነገር አድርጉ። ጫኗትና ልቀቋት። በራሷ ወደ ውጭ የምትገፋ ከሆነ ውስጧ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ መኪናው ላይም መሪውን ቀስ እያለች ወደ አንድ ወገን ትገፋዋለች። ያን የሚያህል መኪና ሙሉ ቀን ቀጥ ለማድረግ ስትታገሉ ክንዳችሁ ይዝላል። ባስቆማችኋት ቦታ የምትቆም፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እኩል የምትከብድ ትሁን። ተራ አሞርዛተር በቦታዋ ማሰር ደግሞ አይሆንም፤ ተራው ባለ ሁለት ቱቦ ቆሞ እንዲሠራ ነው የተሠራው፣ ተጋድሞ አየር ይስባል። ሞላ ተጠቅልሎባቸው መሪውን ወደ መሐል የሚመልሱም አሉ። መሐሉን በትክክል ካላሰሯቸው መልሰው ወደ ጎን ይጎትታሉ፣ እኔ ያለ እነሱ እመርጣለሁ። ካሰራችሁ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙሩና እዩ፤ መሪው ከማለቁ በፊት እሷ ካለቀች ልኳ አይደለችም፣ ቲራንቱን ታጎብጣለች።

ሌላው የሚረሳው ተሳቢው ራሱ ነው። ኋላ እየነቀነቀ መሪ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲያንስ ነው። ሮቶውን 20 ሴንቲ ወደ ፊት መግፋት አንዳንዴ ከማንኛውም አሞርዛተር ይበልጣል። ግማሽ የሆነ ሮቶ ከሙሉው ይከፋል፤ ውኃው ፍሬን ስትይዙ ይሮጣል፣ ስትነሡ ይመለሳል። ወይ ሙሉት ወይ መሐሉ ላይ መከለያ ያለው ታንከር ፈልጉ። ፍሬን የሌለውን ተሳቢ በተመለከተ ቶዮታ አውስትራሊያ ላይ ለ79 የሚፈቅደው 750 ኪሎ ብቻ ነው፤ 3,500 ኪሎ የሚለው ፍሬን ላለው ነው። የእኛ 1,400 ኪሎ የት እንደሚወድቅ ማየት ትችላላችሁ።

ስትገዙ ጥንድ ጥንዱን ግዙ። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥርና ዕቃው ላይ የተቀረጸው አንድ መሆኑን እዩ፤ ዘንጉ ላይ በጥፍራችሁ ሂዱበት፣ ጭረት ካለ ማኅተሙን ይበላዋል፣ መልሱት። ዱባይ ዘመድ ያለው ሰው ከዚያ ቢያስመጣ ምርጫው ይሰፋለታል።

ሲታሰር ሁለት ነገር መካኒኩን ተከታተሉት። ባለ ሁለት ቱቦው ከመታሰሩ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ብዙ ጊዜ ይጨመቅ ይዘርጋ፣ በመጋዘን ተኝቶ የከረመው አየር እንዲወጣለት። ሁለተኛ፣ ዓይን ያለው ጫፍ ቡሎን መኪናው በክሪክ ላይ ሳለ አይጠበቅ። ጎማው መሬት ነክቶ፣ መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ ነው የሚጠበቀው፤ አለበለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይታሰርና በወሩ ይበጣጠሳል። መካኒኩ «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም።

ከዚያ የመጀመሪያው ጉዞ። ተሳቢውን አስራችሁ ውጡ፣ አዋሽ ሰባት ለሻይ ስትቆሙ ቁልፍ ይዛችሁ ከሥር ግቡና ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትሹ፣ አዲስ ጎሚኒ ሲቀመጥ ትንሽ ይላላል። አራቱንም አሞርዛተሮች በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። የፊቶቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው፣ የኋላዎቹም ሁለቱ እርስ በርሳቸው አንድ ዓይነት ሙቀት ካላቸው ወጥታችሁ እጃችሁን ታጠቡ፤ አንዱ ከጓደኛው ከቀዘቀዘ ደረሰኙን ፈልጉ።